አትክልትን የሚያጣፍጠው አሠራሩ ነው

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከዐቢይ ጾምና ከፍልሰታ አንሥቶ እስከ ሳምንታዊዎቹ ረቡዕና ዓርብ ድረስ ያሉት አጽዋማት ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ስለሚይዙ፣ ምእመናኑም በእነዚህ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ስለሚከለከሉ፣ ጥራጥሬንና አትክልትን ያለ ቅቤ አጣፍጦ የመሥራት ዕውቀት በአገሪቱ ጓዳዎች ውስጥ ለብዙ ትውልድ ሲዳብር ኖሯል። ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ አዚፋ፣ ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍትና የቃሪያ ስንግ የዚህ ዕውቀት ፍሬዎች ናቸው። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚገኙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ሥጋ የማይበሉ የውጭ አገር ተመጋቢዎች የጾም በየዓይነቱን ፈልገው የሚመጡትም ምግቡ ጣፋጭ ስለሆነ ነው። በአገር ቤት ከተሞች ግን የጾም ምግብ ሲባል ዘይት የተንሳፈፈበት ወጥና መልኩ እስኪጠፋ ድረስ የተቀቀለ አትክልት ወደ መሆን እያዘነበለ ሲሆን፣ ይህም አትክልት ለጤና ሲባል በግድ የሚበላ እንጂ የሚጣፍጥ ምግብ አይደለም የሚለውን አስተሳሰብ አጠናክሮታል። አስተሳሰቡ ስሕተት ነው፤ አትክልት ጣዕም የሚያጣው ቅቤ ስለተለየው ወይም ዘይት ስላነሰው ሳይሆን፣ እሳቱ፣ ጊዜውና የቅመሙ ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ የሚመክር ሲሆን፣ ድንች፣ ስኳር ድንችና እነርሱን የመሳሰሉ በስታርች፣ ማለትም ሰውነት ወደ ስኳር በሚለውጠው ዱቄታማ ንጥረ ነገር የበለጸጉ ሥራ ሥሮች በዚህ መጠን ውስጥ አይቆጠሩም። ስለዚህ ከትሪው ላይ ከእንጀራ ጎን የሚወጣው የድንች አልጫ የሚመደበው ከእንጀራው ጋር ነው፤ የአትክልቱን ቦታ ሊሸፍን አይችልም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረገው ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያም አትክልትን ጨምሮ ከተለያዩ የምግብ ምድቦች አሰባጥሮ መመገብን ይመክራል። እንዲህ ያለው ምክር ከወረቀት አልፎ ወደ ገበታ የሚደርሰው ግን ምግቡ ራሱ ተመጋቢውን ሲጠራ ብቻ በመሆኑ፣ የጣዕም ጉዳይ ከጤናው ጉዳይ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

ጣዕምን በዘይት ብዛት ለማምጣት የሚደረገው ጥረት ዋጋው ቀላል አይደለም። አንድ ግራም ዘይት ዘጠኝ ኪሎ ካሎሪ ጉልበት የሚሰጥ ስለሆነ 14 ግራም ገደማ የሚይዝ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል፤ ለአንድ ቤተሰብ ወጥ አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት የሚጨመር ከሆነ አብዛኛው የምግቡ ጉልበት ከአትክልቱ ሳይሆን ከዘይቱ የመጣ ይሆናል። በብዙ ቤቶች የሚገባው የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው የቅባት ዓይነት ሲሆን፣ ይህ ቅባት ሲበዛ የደም ሥርን የሚያጠብበውን የኮሌስትሮል ዓይነት ከፍ ያደርጋል። ይህ ሲባል ዘይት ከድስቱ ይውጣ ማለት አይደለም። የቅመማ ቅመም መዓዛ የሚሟሟው በአብዛኛው በቅባት ውስጥ ነው፤ ካሮት፣ ዱባና ጎመን የሚሰጡት፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውና ከዳፍንት የሚጠብቀው ካሮቲን የሚባለው ንጥረ ነገርም በአንጀት በኩል ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ቅባት ሲያገኝ ነው። ለሁለቱም ሥራ ግን ለአራት ሰው በሚሆን ድስት ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል።

የኢትዮጵያ ወጥ ጣዕም መሠረቱ ቁሌቱ ነው፤ ጥንቃቄ የሚሻውም ከሁሉ በፊት ይኸው ነው። የጥንቱ ደንብ ደቅቆ የተከተፈው ቀይ ሽንኩርት ዘይት ሳይነካው በደረቅ ድስት ላይ እንዲቁላላ የሚያዝ ሲሆን፣ የዚህ ደንብ ምክንያት ዛሬ በኬሚስትሪ ሊብራራ ይችላል። ሽንኩርት አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው፤ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የድስቱ ሙቀት ውኃ ከሚፈላበት መጠን ብዙም አይዘልም፤ ዓይን የሚያስለቅሰውና ምላስን የሚቆጠቁጠው ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር የሚበንነው፣ የሽንኩርቱም የራሱ ስኳር ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ውኃው ካለቀ በኋላ ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ደግሞ ስኳሩና የፕሮቲን ንኡሳን ክፍሎች ተዋሕደው ቡናማ መልክና የጥብስ መዓዛ ይፈጥራሉ፤ ይህን ሂደት እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር በመሆኑ በስሙ ይጠራል። የዳቦ ቅርፊት፣ የተቆላ ቡናና የተጠበሰ ሥጋ መዓዛም የሚገኘው ከዚሁ ሂደት ስለሆነ፣ በሚገባ የተቁላላ ሽንኩርት ሥጋ የሌለውን ወጥ ሥጋ ሥጋ የሚያሰኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ሽንኩርቱ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ዘይት ከመጨመር ይልቅ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጣል አድርጎ ማማሰል የተያዘውን ቡናማ ክፍል አላቅቆ ወደ ቁሌቱ ይመልሰዋል። ሥራው እሳቱን መጠነኛ አድርጎ ከሃያ ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት መታገሥን ይጠይቃል፤ ዛሬ የሚታየው የዘይት ብዛትም በአብዛኛው ይህን ትዕግሥት ለማሳጠር የመጣ ነው። ሽንኩርት ገና ከጅምሩ በብዙ ዘይት ሲገባ ቶሎ ይለሰልሳል፤ ግን ቁሌት አይሆንም።

ከቁሌቱ በኋላ የሚገቡት ቅመሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ነጭ ሽንኩርት ቶሎ የሚያርና ሲያር የሚመር ስለሆነ ከዝንጅብሉ ጋር ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ፣ ከዘይቱ ጋር ይገባል፤ እርድና በርበሬም መዓዛቸውንና ቀለማቸውን ለቅባቱ እንዲሰጡ ለጥቂት ደቂቃ ከዘይቱ ጋር ይማሰላሉ፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ሌሎቹ የመከለሻ ቅመሞች ግን ሽታቸው በቀላሉ የሚተን በመሆኑ ምግቡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይነሰነሳሉ። አዮዲን የተቀላቀለበት ጨውም አዮዲኑ በሙቀት እንዳይባክን በመጨረሻ ላይ ቢጨመር ይመረጣል።

የአትክልት አሠራር ብልኀት በሚገባ የሚፈተነው በጎመን ላይ ነው። የሐበሻ ጎመን ትውልዱ ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ሲሆን፣ ጃፓናዊው ሳይንቲስት ዩ ናጋሃሩ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ዘመድ በተፈጥሮ ተዳቅለው ያስገኙት ተክል ነው። ቅጠሉ የሚኮሰኩስና መረር የሚል ጣዕም ያለው ግሉኮሲኖሌት በሚባለው ድኝ ያለበት ውሕድ ምክንያት ነው፤ ይህ ውሕድ ቅጠሉ ሲከተፍ በውስጡ ካለ ኢንዛይም፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን ከሚያፋጥን ፕሮቲን ጋር ይገናኝና ያን የሚሰነፍጥ ኃይል ይፈጥራል። ምሬቱን ለማስለቀቅ ጎመንን በብዙ ውኃ ቀቅሎ ውኃውን ጨምቆ መድፋት የተለመደ ቢሆንም፣ ቫይታሚን ሲና ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን በውኃ የሚሟሙ በመሆናቸው ከምሬቱ ጋር አብረው ይደፋሉ። ጎመኑ ለጋ ከሆነ ቅቀላው ጭራሽ አያስፈልገውም፤ ሳይከተፍ ታጥቦ፣ ከታጠበ በኋላ በቀጭኑ ተከትፎ በቀጥታ ወደ ቁሌቱ ቢገባና ከቅጠሉ በሚወጣው እርጥበትና በጥቂት ውኃ ቢበስል፣ ውኃው ተመልሶ በጎመኑ ስለሚመጠጥ የሚደፋ ነገር አይኖርም። የጠና ጎመን ሲሆን ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውኃ አስገብቶ ማውጣት ይበቃል። ቀሪውን ምሬት ጨው ያለዝበዋል፤ ጨው ምግብን ጨዋማ ከማድረግ በተጨማሪ ምላስ ምሬትን የሚቀበልበትን ኃይል ይቀንሳልና። ሊወርድ ሲል የሚገባው የተሰነጠቀ ቃሪያና ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ትኩስ መዓዛ ይሰጠዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሐበሻ ጎመን ምትክ የሚጠቀሙበት ኮላርድ ግሪን የተባለው ቅጠል ከጥቅል ጎመን ወገን ብቻ የሚወለድ በመሆኑ ያ የሰናፍጭ ኃይል ያንሰዋል፤ ጥቂት የሰናፍጭ ዱቄት በመጨረሻ ቢጨመርበት የሐበሻውን ጎመን ይበልጥ ይቀርባል።

የጎመን አረንጓዴ መልክ ወደ ቡኒ የሚለወጠው ክሎሮፊል የሚባለው የቅጠል ቀለም በሙቀትና በአሲድ ምክንያት በውስጡ ያለውን ማግኒዚየም ሲያጣ ነው። ለዚህ ነው ድስቱን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሳይከድኑ ማብሰል፣ ሎሚንም ገበታ ሲቀርብ ብቻ መጭመቅ የሚመከረው። ፎሶሊያም በዚሁ ሕግ ይመራል። አንዳንዶች መልኩን ለመጠበቅ የሚጨምሩት ቤኪንግ ሶዳ አረንጓዴውን ያደምቀዋል፤ ሆኖም አትክልቱን ያላሽቀዋል፣ ቫይታሚኑንም ያጠፋል፤ ስለዚህ ባይለመድ ይሻላል። ጥቅል ጎመን እሳት ሲበዛበት የሚሸተው ደስ የማይል ጠረን ከድኝ ጋዝ የሚመጣ ሲሆን፣ በእሳት ላይ በቆየ ቁጥር ይብሳል። ከካሮት ጋር ሲሠራ ቶሎ የማይበስለው ካሮት ቀድሞ፣ ጎመኑ ዘግይቶ ቢገባና ገና ጥርስ ላይ ድምፅ እያለው ቢወርድ ሁለቱም ጣፋጭነታቸውን ይዘው ይቀርባሉ።

ቀይ ሥር በአንጻሩ ከነልጣጩና ከነግንዱ ቁራጭ ተቀቅሎ ሲበርድ ቢላጥ ቀለሙና ስኳሩ ወደ ውኃው አይፈስም። ዱባ፣ ካሮት፣ አበባ ጎመንና በደቡብ ኢትዮጵያ የሚመረተው ብርቱካናማው ስኳር ድንች ደግሞ ከመቀቀል ይልቅ በምድጃ መጠበስን ይወዳሉ፤ በአንድ ማንኪያ ዘይት ታሽተው፣ ሳይደራረቡ በ200 ዲግሪ ሙቀት ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆዩ ከዳር እስከ ዳር ይጠበሳሉ። ምድጃ በሌለበት ቤት ከባድ የብረት መጥበሻ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ዋናው ነገር መጥበሻው አለመጨናነቁ ነው፤ ከተጨናነቀ ከአትክልቱ የሚወጣው ውኃ ቦታ አጥቶ ጥብሱን ወደ ቅቅል ይለውጠዋልና።

ከጣፋጭ፣ ከጎምዛዛ፣ ከጨዋማና ከመራራ ሌላ አምስተኛ ጣዕም እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1908 የገለጸው ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ ሲሆን፣ ኡማሚ ብሎ የሰየመው ይህ ጣዕም ሾርባንና ሥጋን አፍ ውስጥ የሚያቆያቸው የግሉታሜት ጣዕም ነው። ግሉታሜት በበሰለ ቲማቲም፣ በእንጉዳይና በፈሉ ምግቦች ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ፣ ቲማቲም በቀስታ ውኃው እስኪመጥ የበሰለበት ስልስ ወይም በደንብ የተጠበሰ እንጉዳይ የገባበት ወጥ ሥጋ ባይኖረውም ሙሉ ጣዕም ይኖረዋል። ይህን ጣዕም ለማግኘት በየቤቱ የተለመደው የሾርባ ኩብ ግን ግማሽ ያህሉና ከዚያም በላይ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚፈቅደው ጨው በጠቅላላው ከአምስት ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ መሆኑ ሲታሰብ፣ ኩብ ተጨምሮበት እንደገና ጨው የሚገባበት ወጥ ለደም ግፊት በር የሚከፍት ነው። በቂ ቲማቲም፣ የሎሚ ጭማቂና ቃሪያ የገባበት ምግብ ጨው ቢቀነስለትም እምብዛም አይታወቅም።

የቅቤን ልስላሴ ለመተካት ኢትዮጵያውያን ያዳበሩት መንገድ ግን ከሁሉም የላቀ አድናቆት ይገባዋል፤ እርሱም የቅባት እህል ነው። ሱፍ ተቀቅሎ ወይም ለብ ለብ ተደርጎ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ሲጣራ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ በዚህ ላይ ደቅቆ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጥቂት ጨው ሲገባ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ይኸው የሱፍ ውኃ ለበሰለ ጎመን ወይም ለዱባ ማለስለሻ ቢሆን ከዘይት ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ቅባቱም ከፕሮቲን ጋር አብሮ ስለሚገባ ጥጋቡ ይቆያል። ተልባ በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 የሚባለው ለልብ የሚበጅ ቅባት የሚገኘው ሲፈጭ ነው፤ ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ አብዛኛው እንዳለ ይወጣልና። የተቆላ ሰሊጥ በፎሶሊያ ወይም በቀይ ሥር ላይ ሲነሰነስ ደግሞ ለስላሳውን አትክልት ጥርስ የሚሰማው ያደርገዋል። ዘይቱ ከመጨመቁ በፊት ያለው እህል ቤት ውስጥ እያለ፣ የተጨመቀውን ብቻ ገዝቶ በብርጭቆ መቅዳት የሚያሳዝን ልማድ ነው።

ለአዚፋ የሚሆነው ድፍን ምስር ተቀቅሎ፣ በከፊል ተድጦና ቀዝቅዞ በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሎሚና በሰናፍጭ የሚታሽ ሲሆን፣ የሰናፍጩ ኃይል የሚወጣው ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ተለውሶ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቆይ ነው፤ በፈላ ውኃ ከተለወሰ ኢንዛይሙ ስለሚሞት ምሬት ብቻ ይተርፋል። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውኃ ተሠርቶ በሰናፍጭና በቅመም ለቀናት የሚፈላው ስልጆ ደግሞ በአንድ ጊዜ ጎምዛዛም፣ ሰንፋጭም፣ ለስላሳም በመሆኑ፣ በቀጭኑ ለተቆረጠ ጥሬ ካሮትና ኪያር ማጥቀሻ ቢደረግ ከውጭ ከሚመጣው ማዮኔዝ የሚያንስበት ነገር የለም።

መክሰስን በተመለከተ ኢትዮጵያ የጎደላት የለም። የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ እሸትና የበቆሎ ጥብስ በፋብሪካ ከሚመረተው ብስኩትና በዘይት ከተጠበሰው ችፕስ የበለጠ አሰር የያዙና ቶሎ የማያስርቡ ምግቦች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በከተሞች እየተረሳ የመጣው ጉንቁል ተመልሶ ቢለመድ መልካም ነው፤ ባቄላ ወይም ሽምብራ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተጠንፍፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ያጎነቁልና ይጣፍጣል፤ ብረትና ዚንክ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገርም ይቀንሳል። ከዚያም ተቀቅሎ በጨውና በሚጥሚጣ ይበላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ያልተዘፈዘፈ ጥራጥሬ በዚያ ከፍታ እጅግ ዘግይቶ እንደሚበስልም ማስታወስ ያስፈልጋል። የቃሪያ ስንግም እንደ መክሰስ ሊቆጠር ይችላል፤ የሚያቃጥለው ኃይል በብዛት ያለው ፍሬውን በያዘው ነጭ ሥጋ ላይ ስለሆነ ይህ ተፍቆ ሲወጣ ልጆችም ይደፍሩታል፤ ቃሪያም በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን ይበልጣል። ኦቾሎኒ ግን ሻጋታ የነካውና የጨረጨሰው ተለቅሞ መጣል አለበት፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበትን የሚጎዳና በመቁላት የማይጠፋ ነው።

ጥሬ የሚበላ አትክልት በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ መታጠብ እንዳለበት የሚያጠያይቅ አይደለም፤ በአቃቂ ወንዝ ዳር እንደሚለማው ባለ፣ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ በገባበት ውኃ የበቀለ አትክልት ሲሆን ግን ማጠብ ጀርሙን እንጂ ተክሉ ከአፈሩ የመጠጠውን ከባድ ብረት አያስወግድም፤ መፍትሔውም በወንዙ ጽዳት እንጂ በቤት እመቤቶች እጅ ላይ አይደለም።

ጎመን፣ ምስርና ጤፍ የሚሰጡት ብረት ከሥጋው ብረት ይልቅ በቀላሉ የማይወሰድ በመሆኑ፣ ገበታ ላይ የሚጨመቅ ሎሚና ጥሬ ቃሪያ ይረዱታል፤ ቡናና ሻይ ግን ይገቱታል። ስለዚህ ቡናው ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ቢፈላ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለወጣት ሴቶች ይጠቅማል። ልጆችን በተመለከተ አንድ ጊዜ ጎመን የተፋ ልጅ ጎመን አይወድም ብሎ መደምደም አይገባም፤ አዲስ አትክልት ሳይገደዱ በትንሽ በትንሹ አሥር ጊዜ ያህል ከቀመሱት በኋላ ብዙዎቹ ይለምዱታል። የአንባቢው ድርሻም ከባድ አይደለም፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ወይም ዓርብ ሽንኩርቱን በደረቁ በትዕግሥት ያቁላላ፣ ዘይቱን ከጠርሙሱ በቀጥታ ከማፍሰስ ይልቅ በማንኪያ ለክቶ ይጨምር፣ ጎመኑንም አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ከእሳት ያውርድ።